ነፋሱ ሲዞር ባሕሩም ይዞራል፤ ከአዲስ አበባ እስከ ባብ ኤል መንደብ

ሐሙስ፤ ከለቡ እስከ ድሬዳዋ

ታኅሣሥ አጋማሽ ነው። ለቡ ጣቢያ ላይ ጎሕ ሲቀድ ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። ተሳፋሪው ጋቢውን ተከናንቦ፣ ሻንጣውን አቅፎ ፍተሻ ይጠብቃል። ባቡሩ አዳማን አልፎ ወደ አዋሽ መውረድ ሲጀምር ጋቢው ይታጠፋል፣ ሜኤሶ ላይ ሹራብ ይወልቃል፣ ድሬዳዋ ስንደርስ ሁሉም በሸሚዝ ነው።

የጂኦግራፊ መምህርት ነኝ። ክረምት የሚያመጣልን የነፋስ ሥርዓት ምን እንደሆነ በየዓመቱ ለተማሪዎቼ አስረዳለሁ። ያው ነፋስ በጎረቤታችን ባሕር ላይ የሚሠራውን ሥራ ግን በክፍላችን እምብዛም አናነሣውም። ቀይ ባሕር ከኤደን ባሕረ ሰላጤ ጋር በሚገናኝበት ጠባብ መተላለፊያ፣ በባብ ኤል መንደብ፣ የላይኛው ውሃ በእኛ በጋ ወደ ውስጥ ይገባል፤ በእኛ ክረምት ዞሮ ይወጣል። ወደ ጅቡቲ የሳበኝ ይህ ምልልስ ነው። አሁን በጋ ስለሆነ የማየው መግቢያውን ነው።

ዓርብ፤ ጅቡቲ ከተማ

ደወሌ ላይ የድንበሩ ቁጥጥር አልቆ፣ አሊ ሳቢሕንና ሆልሆልን አልፈን ናጋድ ስንወርድ ከሰዓት ሆኗል። ከታክሲው ሹፌር ጋር የተግባባነው በአማርኛ ነው። በዚህ ከተማ ከሶማልኛ፣ ከአፋርኛ፣ ከዓረብኛና ከፈረንሳይኛ ጎን አማርኛም በየሱቁ ይሰማል።

ዕቃዬን አሳርፌ ወደ ባሕሩ ዳር ወጣሁ። ነፋሱ ከምሥራቅ፣ ከባሕሩ በኩል ይመጣል፤ እርጥብና ለስላሳ ነው። ሻይ የምትሸጥ ከወሎ የመጣች እህት ከጎኗ በርጩማ ሰጠችኝ። «ሐምሌ ላይ ብትመጪ ኖሮ በዚህ ሰዓት ደጅ አትቀመጪም ነበር» አለችኝ። በሐምሌ ኻምሲን የሚሉት ደረቅ ነፋስ ከምዕራብ፣ ከበረሃው ይነሣል፤ አሸዋ ይዞ ይመጣል፣ ሙቀቱም ከ40 ዲግሪ ያልፋል። «ልብስ ካሰጣሽ አቧራ ትለብሺዋለሽ» አለች። የምትነግረኝ እኔ በጥቁር ሰሌዳ ላይ በቀስት የምስለውን ነገር ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በበጋ ከእስያ ምድር የሚነሣው ነፋስ በዓረብ ባሕር ላይ ከሰሜን ምሥራቅ ይነፍሳል። ኤደን ባሕረ ሰላጤ ሲገባ በአንድ በኩል የየመን ተራሮች፣ በሌላው በኩል የአፍሪካ ቀንድ ደጋ ግራና ቀኝ ይይዙታል፤ ስለዚህ ወደ ምዕራብ ይሄድና በባብ ኤል መንደብ በኩል ወደ ሰሜን ምዕራብ ይታጠፋል። የቀይ ባሕርን ደቡብ ሽቅብ ገፍቶ ከሰሜን ከሚወርደው ነፋስ ጋር መሐል ላይ ይጋጠማል። ምፅዋ ዝናቧን የምታገኘው እኛ በጋ ላይ ሳለን የሚሆነው በዚህ ሰበብ ነው፤ እርጥበት የጠጣው የደቡብ ነፋስ የደጋውን ግድግዳ ሲመታ ደመና ይሆናል። ከሰኔ እስከ መስከረም ደግሞ የደቡቡ ነፋስ ይጠፋል፤ ቀይ ባሕር ከራስ እስከ እግሩ በሰሜን ምዕራቡ ነፋስ ሥር ይውላል። የባሕሩ ሰዎች የደቡቡን ነፋስ አዝያብ፣ የሰሜኑን ሸማል ይሉታል።

የአክሱም ነጋዴዎች ይህን ከማንም በላይ ያውቁት ነበር። አዱሊስ የነበረችው ነፋሱ በዓመት ሁለት ጊዜ በሚዞርበት በዚያ የደቡብ ቀጠና ውስጥ ነው። ከግብፅ የሚመጣ መርከብ በሸማል ይወርዳል፣ ከሕንድ የሚመለሰው ደግሞ በበጋው ነፋስ ይገባል። የዚያች ወደብ ሀብት ግማሹ በነፋሱ ቀን መቁጠሪያ ላይ የቆመ ነበር ብል ማጋነን አይሆንም።

ቅዳሜ፤ አርታ ፕላዥ

ታጁራ ባሕረ ሰላጤ ከኤደን ባሕረ ሰላጤ ተገንጥሎ ወደ ጅቡቲ ሆድ የገባ የባሕር ክንድ ነው። በደቡብ ዳርቻው፣ አርታ ፕላዥ በሚባለው ጠጠራማ ባሕር ዳር፣ ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ጥር ድረስ በዓለም ካሉ ዓሦች ሁሉ ትልቁ፣ ዓሣ ነባሪ ሻርክ፣ ይሰበሰባል። እዚህ የሚመጡት አብዛኞቹ ገና ያላደጉ ወንዶች ናቸው።

ከጀልባው ሳንወርድ በፊት የያዝኩትን የሙቀት መለኪያ በገመድ አስሬ ከጎን ለቀቅኩት፤ 26 ዲግሪ። በግንቦትና በሰኔ ይኸው ውሃ 30 ዲግሪና ከዚያ በላይ ይሞቃል። ጀልባ ነጂው ወጣት የአፋር ልጅ ነው፤ መለኪያውን ተቀብሎ አገላብጦ አየና «እኛ ውሃው መቀዝቀዙን የምናውቀው አረንጓዴ ሲሆን ነው» አለኝ በተሰባበረ አማርኛ። እውነቱን ነው፤ ወደ ታች ስመለከት እጄን ከክርኔ በታች አላየውም ነበር። ውሃው ጥቃቅን ፍጥረታት ሞልተውታል።

ይህ ጉም የሚመስል ውሃ የወቅቱ መዞር ሥራ ነው። በሙቀቱ ወራት የባሕሩ ፊት ይሞቅና ይቀላል፤ ቀላሉ ውሃ ከላይ ተንሳፍፎ ከታች ያለውን ቀዝቃዛና ምግብ ያዘለ ውሃ ይዘጋበታል። በኅዳርና በታኅሣሥ ነፋሱ ሲዞር፣ አየሩም ሲቀዘቅዝ፣ ፊቱ ይከብዳል፣ ወደ ታች ይወርዳል፣ የታችኛው ወደ ላይ ይቀላቀላል። ብርሃንና ምግብ ሲገናኙ ዓይን የማያያቸው ዕፅዋት ይፈላሉ፤ እነሱን የሚበሉ ጥቃቅን እንስሳት ይበዛሉ፤ ከዚያ ይሄ አፉን ከፍቶ እየዋኘ የሚያጠልል ግዙፍ ዓሣ ይደርሳል።

አንዱ በአጠገቤ አለፈ። ከእኔ ሁለት እጥፍ በላይ ይረዝማል፤ ጀርባው በነጭ ነጠብጣብ የተሸፈነ ነው። አፉን እየከፈተ እየዘጋ፣ ሳይቸኩል፣ የውሃውን ፊት ተከትሎ ሄደ። ልቤ እስኪያመኝ ደስ አለኝ።

ያዘንኩበትም አለ። ክንፉ ላይ የተቆረጠ ጠባሳ ነበረበት፤ የጀልባ መዘውር የሚተወው ዓይነት። በዚህ ዳርቻ ብዙዎቹ እንዲህ ያለ ጠባሳ አላቸው። ምግባቸው ከባሕሩ ዳር ጥግ ላይ ስለሚከማች ጀልባ በሚበዛበት ቦታ ከውሃው ፊት ሳይርቁ ይውላሉ። ለማየት የምትሄዱ ሁሉ ሞተሩን ከሩቅ የሚያጠፋ ነጂ ምረጡ፤ ዋጋው ቢወደድም እሱን ምረጡ።

እሑድ፤ ጉቤትና አሳል

ታጁራ ባሕረ ሰላጤ ወደ ምዕራብ ጫፉ ሲደርስ አንገቱ ይጠብና ጉቤት ወደሚባል ጥልቅ የውሃ ጓዳ ይከፈታል። ዙሪያው የተሰነጠቀ ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። በአንገቱ በኩል ባሕሩ በሞላና በጎደለ ቁጥር ውሃው እንደ ወንዝ ይነጉዳል፤ ከገደሉ ላይ ሆኜ ሽክርክሪቱን በዓይኔ ተከትዬዋለሁ። የዚህኛው ጅረት ጌታ ጨረቃ ናት፤ በቀን አራት ጊዜ አቅጣጫ ይለውጣል። ባብ ኤል መንደብ ላይም እንዲህ ያለ የዕለት ምልልስ በወቅቱ ጅረት ላይ ተደርቦ አለ፤ ስለዚህ አንድ ቀን ብቻ ያየ ሰው ውሃው ወዴት እንደሚሄድ ሊፈርድ አይችልም።

ከጉቤት ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ አሳል ሐይቅ አለ፤ ከባሕር ወለል 155 ሜትር በታች፣ በአፍሪካ ዝቅተኛው ቦታ። የባሕሩ ውሃ በመሬቱ ስንጥቅ ሾልኮ ከሥር ይገባለታል፣ ፀሐይ ከላይ ትወስደዋለች፣ ጨው ይቀራል። ጨዋማነቱ ከባሕር ውሃ አሥር እጥፍ ገደማ ነው። በኅዳር 1978 (እ.ኤ.አ.) በዚሁ መንገድ ላይ አርዱኮባ የሚባለው እሳተ ገሞራ ፈንድቶ ነበር፤ ምድሩ ዛሬም እየተከፈተ ነው።

አሳልን ማየት የፈለግሁት ቀይ ባሕርን ለመረዳት ነው። ቀይ ባሕር ውስጥ ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ አንድም ትልቅ ወንዝ አይገባም። ዝናቡ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ፀሐይና ነፋስ ግን በየዓመቱ ከፊቱ ላይ ሁለት ሜትር ገደማ ውሃ ያተናሉ። በደቡብ ያለው በር ቢዘጋ ባሕሩ በየዓመቱ በዚያው ልክ ይወርድ ነበር፤ መጨረሻውም አሳል ነው።

እንዲህ የሆነ ሌላ ቦታ በእኛው አገር አለ፤ ዳናክል። ያ ዝቅተኛ ምድር የቀይ ባሕር ክንድ ነበር። መሬቱ ተነሥቶ፣ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ተከምሮ፣ ከባሕሩ ሲለየው ውሃው ተነነ፤ ከሥሩ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ውፍረት ያለው ጨው ተኝቷል። በዙሪያው ዛሬም የጥንት ኮራል፣ ጥቃቅን የባሕር እንስሳት የሚገነቡት ድንጋይ፣ በደረቅ መሬት ላይ ይገኛል። አያቶቻችን በገበያ ገንዘብ አድርገው የተገበያዩበት አሞሌ ከዚያ የተቆረጠ ነው፤ የቀይ ባሕር ጨው ነው ማለት ነው። ይህን ለተማሪዎቼ ስነግር ሁልጊዜ ክፍሉ ጸጥ ይላል፤ ባሕሩ ከሚያስቡት በላይ ቅርባቸው እንደሆነ ያን ጊዜ ይገባቸዋል።

ሰኞ፤ ጅቡቲ ከተማ

ለሰሜኑ መንገድ ፈቃድና መኪና ስንጨርስ ዋልን። ምሳ ሙክባዛ ነበር፤ በየመን ወግ ተሰንጥቆ በምድጃ የተጠበሰ ዓሣ ከትልቅ ቂጣ ጋር።

ማክሰኞ፤ ወደ ኦቦክ

ወደ ኦቦክ የሚሄደው ጀልባ ፍየልም፣ ፍራሽም፣ የሲሚንቶ ከረጢትም ይጭናል። ከአጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ የአፋር ዓሣ አጥማጅ ናቸው፤ ልጅነታቸው አሰብ ነው ያለፈው፣ አማርኛቸውም የጥንቱ የአሰብ አማርኛ ነው፤ ጥርት ያለ። የምሠራውን ስነግራቸው ከልባቸው አዳመጡኝና ጥያቄ ጠየቁኝ።

«ልጄ፣ እኔ የማይገባኝ አንድ ነገር አለ። ሐምሌ ላይ የባሕሩ ፊት እጅ ያቃጥላል። መረቡን ከጥልቁ ስስበው ግን ዓሣው እንደ ሌሊት ውሃ ቀዝቃዛ ሆኖ ይወጣል። ታኅሣሥ ላይ እንዲህ የለም። ቅዝቃዜው በበጋው ወር በሆነ፤ ለምን በሙቀቱ ወር ይመጣል?»

ጥያቄያቸው ሊቃውንት ለብዙ ዓመታት የደከሙበት ነው። መልሱን ከእግራችን ሥር በጣት እየጻፍኩ አስረዳኋቸው።

በክረምት ሁለት ነገር አብሮ ይሆናል። በቀይ ባሕር ላይ ሸማል ከሰሜን እየገፋ የላይኛውን ሞቃት ውሃ በመተላለፊያው ወደ ደቡብ ያስወጣዋል። በውጭ ደግሞ፣ በዓረብ ባሕርና በኤደን ባሕረ ሰላጤ፣ ለእኛ ዝናብ የሚያመጣው የደቡብ ምዕራቡ ሞንሱን ይነፍሳል። ይህ ነፋስ የሶማሊያን ዳርቻ ተከትሎ የሚሄደውን ትልቅ ጅረት ወደ ሰሜን ምሥራቅ ያዞረዋል፤ በበጋ ያው ጅረት ወደ ደቡብ ነበር የሚሄደው። በሚያስደንቅ ፍጥነት፣ በሴኮንድ ከሁለት ሜትር በላይ ይከንፋል። ነፋሱ የዳርቻውን የላይኛ ውሃ ወደ ጥልቁ ባሕር ሲገፋው፣ በቦታው ቀዝቃዛው ከሥር ይነሣል። በኤደን ባሕረ ሰላጤ ውስጥም ቀዝቃዛው ንብርብር ሽቅብ ይቀርባል። በሩ አፍ ላይ ሲደርስ በውስጥ ካለው ሞቃትና ጨዋማ ውሃ መካከል ሰርጎ ይገባል።

ስለዚህ በሐምሌና በነሐሴ በመተላለፊያው ውስጥ ሦስት ውሃ ተደራርቦ ይሄዳል። ከላይ ስስ ሞቃት ውሃ ይወጣል፤ ከመሐል ከ20 ዲግሪ በታች ሊወርድ የሚችል፣ ጨው ያነሰውና ምግብ ያዘለ ውሃ ይገባል፤ ከታች ደግሞ የቀይ ባሕር ከባድ ጨዋማ ውሃ በጣም ቀንሶ ይወጣል። ሽማግሌው የነኩት ያ የመሐሉ ውሃ ነው። ይህ ውሃ በቀይ ባሕር ውስጥ ሽቅብ ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ሄዶ እስከ ሳዑዲ ዓረቢያ ዳርቻ ድረስ ታይቷል። የደቡቡ ባሕር ከሰሜኑ ይልቅ በዓሣ የበለጸገ እንዲሆን ከሚያደርጉት ነገሮች አንዱ እሱ ነው።

«እንግዲህ ለእናንተ ዝናብ የሚያመጣው ነፋስ ነው ለኛ ቀዝቃዛውን የሚልከው» አሉ ሽማግሌው። አዎን አልኳቸው። ዝም ብለው ቆዩና «ሁለታችንንም ያበላናል ማለት ነው» ብለው ጺማቸውን ዳሰሱ። በዚህ ጉዞ ከሰማሁት ሁሉ ይህን አጥብቄ ይዣለሁ።

ረቡዕ፤ ራስ ሲያን

ከኦቦክ ወደ ሰሜን ያለው መንገድ አስፋልት አያውቅም። በጎዶሪያ በኩል የማንግሮቩን አረንጓዴ አልፈን፣ ኾር አንጋርን አልፈን፣ ድንጋይና አሸዋ እየተፈራረቀ ራስ ሲያን አካባቢ ደረስን። እዚህ አንዲት ጥቁር የእሳተ ገሞራ ኮረብታ ከባሕሩ ዳር ቆማለች። ከፊታችን ባብ ኤል መንደብ ነው። አየሩ ስለጠራ ማዶ የማዩን ደሴት ዝቅ ያለ መስመር ሆኖ ታየኝ፤ ብዙ ካርታዎች ፔሪም ይሉታል። ከዚያ ወዲያ የመን ነው።

ደሴቱ መተላለፊያውን ለሁለት ይከፍለዋል። በየመን በኩል ያለው ሦስት ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሰፋና ጥልቀቱ 30 ሜትር የማይርቅ ነው። በእኛ በኩል ያለው 25 ኪሎ ሜትር ያህል ሰፍቶ ከ300 ሜትር በላይ ይጠልቃል። ትልልቆቹ መርከቦች የሚያልፉት በዚህ ነበር፤ ከኅዳር 2023 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ በመርከቦች ላይ በደረሰው ጥቃት ብዙዎቹ አፍሪካን ዞረው መሄድን መርጠዋል። ኮረብታው ሥር በቆየሁበት ጊዜ ያየሁት ጥቂት ነው።

ነፋሱ ከጀርባዬ፣ ከደቡብ ምሥራቅ ይገፋል። ሞገዱ ሁሉ ጀርባውን ለኤደን ሰጥቶ ወደ ሰሜን ምዕራብ ይሰለፋል። ከባሕሩ ዳር የተነሣ የደረቀ የባሕር ሣር ክምር በውሃው ፊት ላይ ተኝቶ ወደ ውስጥ ሲጓዝ ለረጅም ጊዜ ተመለከትኩት። በትምህርት ቤት በሰማያዊ ቀስት የምስለው ያ ሣር የሄደበትን መንገድ ነው።

ዓይን የማያየው ግን ከታች ያለው ነው። አሁን፣ በበጋ፣ ሦስቱ ንብርብር ሁለት ይሆናሉ። ከላይ ቀለል ያለው፣ በኪሎ 36 ወይም 37 ግራም ጨው ያለበት የኤደን ውሃ ይገባል። ከታች 40 ግራም ጨው የተሸከመው የቀይ ባሕር ውሃ የወለሉን ቁልቁለት ይዞ ይወጣል። በ1990ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) ተመራማሪዎች መለኪያ እዚህ ባሕር ውስጥ ተክለው ዓመቱን ሙሉ ሲከታተሉት፣ የታችኛው ፍሰት በክረምታችን ከሞላ ጎደል እንደሚደርቅ፣ በጥርና በየካቲት ግን በሴኮንድ ከ600,000 ሜትር ኩብ በላይ እንደሚሆን አገኙ። ዓባይ ድንበራችንን ሲሻገር የዓመት አማካይ ፍሰቱ በሴኮንድ 1,500 ሜትር ኩብ ገደማ ነው። ከቆምኩበት ኮረብታ ማዶ፣ በጨለማው ወለል ላይ፣ በእነዚያ ወራት አራት መቶ ያህል ዓባዮች ድምፅ ሳያሰሙ ይወርዳሉ።

ወዴት ይሄዳል? ወደ ኤደን ባሕረ ሰላጤ ሲወድቅ ከአካባቢው ውሃ ጋር ይቀላቀልና ከ400 እስከ 1,000 ሜትር ባለው ጥልቀት ይረጋል፤ ከዚያ ወደ ሕንድ ውቅያኖስ ይዘረጋል።

ከዚህ ወደ ሰሜን ምዕራብ 150 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በሐኒሽ ደሴቶች አጠገብ፣ የባሕሩ ወለል ሽቅብ ተነሥቶ እንደ ቤት ደፍ ይሆናል። ከውሃው ፊት እስከ ደፉ ያለው ጥልቀት 137 ሜትር ብቻ ነው። ከደፉ ወዲያ ቀይ ባሕር እስከ 3,000 ሜትር ይጠልቃል፤ ይሁንና የውቅያኖሱ ጥልቅ ቅዝቃዜ ደፉን መሻገር ስለማይችል፣ በዚያ ሁሉ ጥልቀት ውሃው 21 ዲግሪ አካባቢ ይሞቃል። በሌላ ውቅያኖስ በዚያው ልክ ብትወርዱ ሁለትና ሦስት ዲግሪ ነው የምታገኙት።

ይህች ደፍ በአንድ ወቅት ባሕሩን ልትገድለው ነበር። የዛሬ 20,000 ዓመት ገደማ፣ በበረዶው ዘመን፣ የዓለም ባሕር 120 ሜትር ያህል ሲወርድ በሐኒሽ የቀረው መተላለፊያ እጅግ ቀጭን ነበር። የሚገባው ውሃ ሲያንስ ትነቱ አልቀነሰም፤ ጨዋማነቱ በኪሎ ከ50 ግራም አለፈ፣ ከውሃው ፊት አጠገብ የሚኖሩ ብዙ ጥቃቅን ፍጥረታት ከቀይ ባሕር ጠፉ። ከወለሉ የወጣው ደለል ይህን ዘመን ባዶ ሆኖ ይመሰክራል። ከዚያ በረዶው ቀለጠ፣ ባሕሩ ተነሣ፣ ሕይወት በዚሁ በር ተመልሳ ገባች።

አመሻሽ ላይ መንገድ መሪያችን ጊዜው መሸ ብሎ እስኪጎትተኝ ድረስ ከዚያ ድንጋይ ላይ አልተነሣሁም።

ሐሙስ፤ ኦቦክ

ይህን ቀን አሳጥሬ ብጽፈው ደስ ይለኝ ነበር።

ኦቦክ ከጅቡቲ በፊት የፈረንሳዮች ወደብ ነበረች። ዛሬ ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚያውቋት በሌላ ነው። ከሐረርጌ፣ ከወሎ፣ ከትግራይ፣ ከጅማ የተነሡ ልጆች በእግራቸው የአፋርን በረሃ አቋርጠው፣ ከዚህ ዳርቻ በጀልባ ወደ የመን፣ ከዚያም ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ ለመሄድ ይሞክራሉ። ሌሎቹ የየመኑ ጦርነት ሲበዛባቸው በዚሁ ባሕር ይመለሳሉ። በሚያዝያ 2024 (እ.ኤ.አ.) በሁለት ሳምንት ልዩነት ሁለት የተመላሾች ጀልባዎች በጎዶሪያ አጠገብ ሰጥመዋል። የሞቱት አብዛኞቹ ወገኖቻችን ነበሩ።

ከከተማው ውጭ ድንጋይ የተከመረባቸው መቃብሮች አሉ። ስም የላቸውም። ከጎናቸው ቆሜ ጸለይኩ፤ አብሮኝ የነበረው መንገድ መሪም እጁን ዘርግቶ ዱዓ አደረገ።

በከተማው ያገኘኋቸው ወጣቶች ስለ ዋጋውና ስለ ደላላው ብዙ ያውቃሉ፤ ስለ ባሕሩ የነገራቸው ግን የለም። ነፋሱ ከጅረቱ ጋር ሲቃረን ሞገዱ ሽቅብ እንደሚነሣ፣ በሰኔና በሐምሌ የኤደን ባሕረ ሰላጤ እንደሚከፋ፣ ማዶው ስለታየ ብቻ ቅርብ እንዳይመስላቸው ነገርኳቸው። ሁለቱ እናቶቻቸው ጋ ለመደወል ስልኬን ጠየቁኝ። ደወሉ። ከዚያ በላይ ላደርግላቸው የቻልኩት ነገር አልነበረም፤ ይህ ደግሞ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

ዓርብ፤ ኦቦክ፣ ከጀልባው በፊት

ሽማግሌው ዓሣ አጥማጅ ጠዋት መጡ፤ ሲያስቡበት ያደሩት ጥያቄ ነበራቸው። የሚገባው ሞቃት ውሃ መጨረሻው የት ነው?

ወደ ሰሜን ነው፤ እየሄደ እየተነነ፣ እየተነነ ጨው እየጨመረ። በሲናና በአቃባ አካባቢ ሲደርስ የበጋው ብርድ ያገኘዋል፤ 21 እና 22 ዲግሪ ድረስ ይቀዘቅዛል፣ ጨውና ቅዝቃዜ ተደምረው ያከብዱታል፣ ይሰጥማል፤ ከሥር ሆኖ ወደዚህ ወደ ደቡብ ይመለሳል። የበሩ ምልልስ የባሕሩን ከፍታ ሳይቀር ይነካል፤ መሐል ቀይ ባሕር ላይ ውሃው በበጋችን ከክረምታችን ግማሽ ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ ይቆማል።

ስለ ኮራሎቹም ነገርኳቸው፤ ይህ ለእኔ የተስፋ ወሬ ነው። ከበረዶው ዘመን በኋላ በዚህ በር የገቡት ኮራሎች በመጀመሪያ የደቡቡን ከባድ ሙቀት ማለፍ ነበረባቸው። ተመራማሪዎች እንደሚያስረዱት ሙቀቱን የቻሉት ብቻ ናቸው ወደ ሰሜን የዘለቁት። ስለዚህም ነው በሌላ ባሕር ኮራል ሙቀት ሲጨምርበት ነጥቶ ሲሞት፣ የአቃባው ከለመደው ብዙ ዲግሪ በላይ ሲሞቅበት የሚችለው። የደቡቡ ኮራል ግን ያን ትርፍ አቅም የለውም፤ ቀድሞውኑ በጣራው ላይ ነው የሚኖረው። እዚህ በበጋ የሚቀዘቅዘውና በክረምት ከሥር የሚገባው ውሃ ለእሱ ትንፋሽ ነው፤ ነፋሱ ከተዛባ መጀመሪያ የሚጎዳው እሱ ይመስለኛል።

የሙቀት መለኪያዬን ሰጠኋቸው። በሐምሌና በነሐሴ ለማጥመድ ሲወጡ ወደ ታች ይጥሉልኛል፣ ቁጥሩን በስልክ ይነግሩኛል፣ ተማሪዎቼ መስከረም ላይ በሰሌዳ ያሰፍሩታል። መለኪያው ሲወጣ በላይኛው ሙቀት እንዳይታለል በሰም በተነከረ ወፍራም ጨርቅ እንዲጠቀለል፣ ከታች አንድ ሰዓት ያህል እንዲቆይ፣ ሲሳብም በፍጥነት እንዲሳብ ተስማማን።

«ገመዱን ስንት ክንድ ላድርገው?» አሉኝ።

«መቶ ሃምሳ፤ ካለዎትም ሌላ በሃምሳ ይለኩልኝ፤ ልዩነቱን ነው የምፈልገው።»

«ሁለት መቶም አለኝ» አሉ፤ «ሦስቱንም እለካለሁ።»